ቀፎው የሌላውን ኩባንያ ሲም ለምን አልቀበልም ይላል?

ተንቀሳቃሽ ስልክ በኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ከሃያ ዓመታት በላይ የቴሌኮም አገልግሎት በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ስለነበረ፣ ስልክ የሚገዛ ሰው ዋጋውን፣ የባትሪውን ጥንካሬና የድምፁን ጥራት ይጠይቅ ነበር እንጂ «ይህ ቀፎ በማን ኔትወርክ ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ሁኔታው የተለወጠው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከከፈተ በኋላ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ፈቃድ ለማግኘት ተመርጦ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሙከራውን ጀመረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ አስጀመረ። ዛሬ በ09 የሚጀምር ቁጥር የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም መሆኑን የማያውቅ ስልክ ተጠቃሚ ጥቂት ነው። ሁለቱም ሲም በአንድ ኪስ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀፎ ውስጥ ይገኛሉ።

ሆኖም አንዳንዱ ቀፎ አዲሱን ሲም ሲያስገቡበት ኮድ ይጠይቃል። ሌላው ምንም ሳይጠይቅ ሲሙን ይቀበልና ኔትወርክ አያገኝም። ሦስተኛው ደግሞ እያስደወለ ኢንተርኔት እንቢ ይላል። በገበያው ይህ ሁሉ «ስልኩ ተቆልፏል» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። ምክንያቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ በኮድ ይፈታል፣ ሌላው ምንም ዓይነት ኮድ ቢገባ አይፈታም። ልዩነቱን ያላወቀ ገዢ ሊሠራለት ለማይችል ቀፎ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ከዚያም ለማይፈታው ችግር ለጠጋኝ ሁለተኛ ይከፍላል።

ነገሩን ለመረዳት ቀፎውንና ሲሙን ለያይቶ ማየት ይበጃል። ቀፎ በመሠረቱ የሚቀበልም የሚልክም ሬዲዮ ነው። ሲም ካርዱ ደግሞ የደንበኛው መታወቂያ ነው፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነና የትኛው ኩባንያ እንደሚያስተናግደው ለኔትወርኩ ማማ የሚናገረው እርሱ ነው። ስለዚህ አንድ ቀፎ በሌላ ኩባንያ ሲም እንዲሠራ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ቀፎው የዚያን ኩባንያ መታወቂያ እንዳይቀበል የታዘዘ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ኩባንያው የሚያሠራጭበትን የሬዲዮ ሞገድ መስማት መቻል አለበት።

የመጀመሪያው በትክክል ቁልፍ የሚባለው ነው። በአሜሪካና በሌሎች ሀገራት የቴሌኮም ኩባንያዎች ውድ ቀፎዎችን ለደንበኞቻቸው በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ይሰጣሉ። ደንበኛው ዕዳውን ሳይጨርስ ወደ ተፎካካሪ ኩባንያ እንዳይሄድ ቀፎው የሻጩን ሲም ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ይዘጋል። ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ ተልከው ወደ ጎንደር፣ ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ከሚመጡት ስልኮች መካከል እንዲህ የተዘጉ ይገኙባቸዋል። ልጅ ለእናቱ በደስታ የላከው ስልክ ፎቶ የሚያነሣ፣ ሰዓት የሚያሳይ፣ ነገር ግን የማያስደውል ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል።

ቁልፉን በሕጋዊ መንገድ የሚከፍተው የዘጋው ኩባንያ ነው። በአሜሪካ ደንበኞች ስልካቸውን የማስከፈት መብታቸውን የሚያረጋግጥ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። በካናዳ ከታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል፤ በብሪታንያም ተመሳሳይ ክልከላ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ውሏል። ይሁን እንጂ ዕዳው ያላለቀ ስልክ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ ዕዳው ያለቀለትም ቢሆን በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ጥያቄውን የሚያቀርበው ስልኩን በስሙ የገዛው ሰው ነው። እንግዲህ ስልኩ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ላኪው እዚያው ሳለ ኩባንያውን ጠይቆ ቢያስከፍተው ነገሩ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ስልኩ እዚህ ከደረሰ በኋላ ግን ተቀባዩ በዚያ ኩባንያ መዝገብ ላይ ስሙ የለም፤ ደጅ የሚጠናበትም ቢሮ የለውም።

ስልኩ የተቆለፈ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። በአይፎን ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ገጽ መክፈትና የኩባንያ ቁልፍን የሚመለከተውን መስመር ማንበብ ይቻላል፤ የሲም ገደብ የለም የሚል ከሆነ ስልኩ ክፍት ነው። በሌሎች ቀፎዎች ላይ አስተማማኙ መንገድ ሁለቱንም ሲም በየተራ ማስገባት፣ በእያንዳንዱ መደወልና ዳታ መክፈት ነው። ይህ መደረግ ያለበት ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት፣ ሱቁ ውስጥ ነው። አንዳንድ ሻጭ ስልኩን ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ ቪዲዮ እያሳየ «ይኸው ይሠራል» ይላል። ዋይፋይ ግን ከሲሙም ከኩባንያውም ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ስልክም በዋይፋይ ያለችግር ይሠራል።

በጥገና ቤቶች የሚቀርበው መፍትሔ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በኮድ የሚከፈት ቀፎ ትክክለኛው ኮድ አንድ ጊዜ ከገባለት በኋላ ዳግም አይዘጋም። ከሲሙ ሥር የምትለጠፈው ስስ ቺፕ ግን ቁልፉን አትከፍትም፤ ስልኩን የምታታልለው ሲሙ የሻጩ ኩባንያ እንደሆነ አስመስላ ነው። ስለዚህ ስልኩ የሶፍትዌር ማሻሻያ በተደረገለት ማግስት ልትከሽፍ ትችላለች። ቺፕ ያለበት ስልክ በክፍት ስልክ ዋጋ መሸጡ ትክክል አይደለም፤ ገዢው የሲም ማስቀመጫውን አውጥቶ ከካርዱ ሥር የተለጠፈ ነገር መኖሩን ማየት ይችላል፤ ሻጩም በዚህ የሚከፋበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም።

ሌላም ግራ መጋባት አለ። ስልክ ሲከፈት የቀድሞ ባለቤቱን የአይክላውድ ወይም የጉግል መለያና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ይህ የኩባንያ ቁልፍ ሳይሆን የባለቤት ቁልፍ ነው። የተሰረቀ ወይም የጠፋ ስልክ መሆኑን ሊያመለክት ይችላልና ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው በቀር አለመግዛት ይመረጣል። እንዲሁም ሲሙ ራሱ የሚጠይቀው ባለአራት አኀዝ ቁጥር ከቀፎው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህ ቁጥር ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይዘጋና ባለስምንት አኀዝ መክፈቻ ይጠይቃል፤ መክፈቻው ሲሙ ተለጥፎበት በመጣው ካርድ ላይ ታትሞ ይገኛል ወይም ከኩባንያው ማዕከል ይጠየቃል። በግምት አሥር ጊዜ ተሞክሮ ከተሳሳተ ያ ሲም ከአገልግሎት ውጪ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ሞገድ ነው፤ ይህኛው ኮድ የማይፈታው ነው። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት የነበረ፣ ኤፍ ኤም የሌለው ሬዲዮ ያለው ሰው የኤፍ ኤም ጣቢያው በመንደሩ ቢተከልም እንኳ ሊሰማው አይችልም። ሬዲዮው አልተበላሸም፣ አልተቆለፈምም፤ ሲሠራ ያንን ሞገድ እንዲይዝ ሆኖ አልተሠራም። ቀፎም እንደዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ እንደ አብዛኛው አፍሪካና አውሮፓ ሁሉ የ2ጂ ጥሪ በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይተላለፋል፤ ለ3ጂ ደግሞ በስፋት የሚታወቀው የ2100 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነው። በአሜሪካ ግን ለተመሳሳይ አገልግሎት ለብዙ ዓመታት የዋሉት 850 እና 1900 ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ተሠርተው ሁለቱን ሞገዶች ብቻ የያዙ አሮጌ ቀፎዎች ክፍት ቢሆኑም እዚህ ኔትወርክ አያገኙም። ከዚህም የባሰው፣ እንደ ቬራይዘንና ስፕሪንት ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሲዲኤምኤ በተባለው ሌላ ሥርዓት ይሠሩ ስለነበር የዚያን ዘመን ስልኮቻቸው አንዳንዶቹ ሲም ማስገቢያ እንኳ የላቸውም። ቬራይዘን ይህን ሥርዓት የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ነው፤ የዘመኑ ቀፎዎች ግን በመሳቢያ ውስጥ ቀርተዋል፣ አልፎ አልፎም በስጦታ መልክ ይላካሉ።

አዳዲሶቹ ስማርት ስልኮች ብዙ ሞገዶችን በአንድ ላይ ስለሚይዙ በጥሪ በኩል የሚያስቸግሩት ጥቂት ናቸው። ችግሩ የሚታየው በ4ጂ ላይ ነው፤ 4ጂ በዓለም ዙሪያ በበርካታ ሞገዶች ይሠራልና አንድ ቀፎ የአንዱን ኩባንያ የ4ጂ ሞገድ ይዞ የሌላውን ላይይዝ ይችላል። እንዲህ ያለው ስልክ በአንዱ ሲም ቪዲዮ ያለመቆራረጥ ሲያሳይ በሌላው ሲም ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርድና አንድ ፎቶ ለመላክ ደቂቃዎች ይፈጃል። ባለቤቱ «የዚህ ኩባንያ ኢንተርኔት ደካማ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ፓኬጁንም እየደጋገመ ይገዛል። ያንኑ ሲም በጎረቤት ስልክ ውስጥ አስገብቶ በዚያው ቦታ መሞከር ጥፋቱ የቀፎው ይሁን የኔትወርኩ በአምስት ደቂቃ ይለያል። ሲሙ አዲስ ከሆነና በየትኛውም ጊዜ ኢንተርኔት ከፍቶ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ቀፎው የኩባንያው የኢንተርኔት ቅንብር አልደረሰው ይሆናል፤ ይህ በአጭር መልእክት የሚላክ ወይም በደንበኞች ማዕከል የሚስተካከል ቀላል ነገር ነው።

ለገጠሩ ነዋሪ ስለ ሞገድ ሊታወቅ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ከፍተኛው ቶሎ ይደክማል። በ900 የሚመጣው ጥሪ ጉብታውን አልፎ፣ ግድግዳውንም ሰንጥቆ ሲደርስ በ1800 ወይም በ2100 የሚመጣው ኢንተርኔት ከማማው ራቅ ባለ ቀበሌ ላይደርስ ይችላል። በደጋው አናት ላይ ሁሉም ነገር የሚሠራለት ስልክ ወደ ቆላው፣ ወደ ወንዙ ሸለቆ ሲወረድ ጥሪ ብቻ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ከተማ ላይ የተሻለው ሲም እርሻው ላይ ምንም ላይሠራ ይችላል። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ማስታወቂያ ሳይሆን ያንን ሲም ይዞ በዚያው መንደር የሚኖር ሰው ነው።

በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል መደወል የሚቻለው ኔትወርኮቻቸው እርስ በርስ እንዲገናኙ ስለተደረገ ነው። ይህ ማለት ግን የአንዱ ደንበኛ የራሱ ኩባንያ ሽፋን በሌለበት ቦታ የሌላውን ማማ መጠቀም ይችላል ማለት አይደለም። ስልኩ የኔትወርኩን ምልክት አጥቶ «ለአስቸኳይ ጥሪ ብቻ» የሚል ጽሑፍ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ይህ በአካባቢው የሌላ ኩባንያ ማማ ቢሰማም መታወቂያው የዚያ ኩባንያ ባለመሆኑ መደበኛ ጥሪ አይስተናገድም ማለት ነው።

ባለ ሁለት ሲም ቀፎ የተወደደው ይህንን ክፍተት ስለሚሞላ ነው። ያም ሆኖ ሁለት ሲም ሁለት ስልክ ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ ቀፎዎች አንዱ ሲም በጥሪ ላይ ሳለ በሌላው የሚደውል ሰው ስልኩን አያገኘውም። ዳታም በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንዱ ሲም ብቻ ነው፤ ፓኬጁን በአንደኛው ገዝቶ ቅንብሩን ወደ ሁለተኛው አዙሮ የሚረሳ ሰው የሁለተኛውን ቀሪ ሒሳብ በዝምታ ያስበላል። መብራት በሌለበት ቀበሌ የሚኖር ሰው ደግሞ የሚያስበው ሌላ ነገር አለ። ኔትወርክ የማያገኝ ሲም ቀፎውን ያለማቋረጥ ማማ እንዲፈልግ ያደርገዋልና ባትሪውን ይጨርሳል፤ ሽፋን በሌለበት አካባቢ ለቀናት የሚቆይ ሰው የማይሠራውን ሲም ከቅንብሩ ቢያጠፋው ባትሪው ዕድሜ ያገኛል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አዲስ መሰናክል መጥቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ካወጣው አይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡት ሞዴሎቹ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ ካርዱን የሚተካው በስልኩ ውስጥ የተሠራና በኢንተርኔት በኩል የሚጫን ኢሲም ነው። ይህ ስልክ ክፍት ቢሆንም፣ ሞገዱን ሁሉ ቢይዝም፣ ተራውን የፕላስቲክ ሲም የሚያስገቡበት ቀዳዳ የለውም። እንዲህ ያለ ስልክ ሊላክለት የታሰበ ሰው የሚጠቀምበትን ኩባንያ ማዕከል አስቀድሞ ጠይቆ ለዚያ ሞዴል ኢሲም ይሰጡ እንደሆነ ማረጋገጥ አለበት። በሌሎች ሀገራት የሚሸጡት የዚያው አይፎን 14 ቀፎዎች ማስገቢያ ስላላቸው የስልኩን ስም ብቻ ሰምቶ መወሰን አይቻልም።

በተቃራኒው ከዚህ ወደ አሜሪካ ለጥየቃ የሚሄዱ ወላጆች ይዘውት የሚሄዱት ስልክ ሊያሳፍራቸው ይችላል። በዚያ ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች በ2022 እ.ኤ.አ. 3ጂን ስለዘጉ ጥሪ የሚተላለፈው በ4ጂ እና ከዚያ በላይ ባለው ኔትወርክ ነው። እዚህ በ2ጂ እና በ3ጂ ሲያስደውል የኖረ ባለ ቁልፍ ስልክ እዚያ ዝም ይላል። ስማርት ስልክም ቢሆን በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ከሆነ ኢንተርኔት እየከፈተ ጥሪ አያስተናግድም።

ቀፎው ሁሉን አሟልቶ ቢገኝ እንኳ ሲም መቀየር ቁጥር መቀየር መሆኑ አይዘነጋ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በሀገሪቱ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የስልክ ቁጥር የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። በአንዱ ቁጥር ያለ ገንዘብ ሲም ስለተቀየረ ተከትሎ አይሄድም። ባንክም የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚልከው በተመዘገበው ስልክ ነው። የማኅበር አባላት፣ እህል ነጋዴው፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም የያዙት የድሮውን ቁጥር ነው። ለአርሶ አደሮች በ2006 ዓ.ም. እንደተጀመረው 8028 ያሉ አጫጭር የመረጃ ቁጥሮችም ከየኩባንያው ጋር በተናጠል በሚደረግ ስምምነት የሚሠሩ ስለሆኑ ከአዲሱ ሲም መደወላቸው አስቀድሞ መሞከር አለበት። በአሮጌው ሲም ላይ የተቀመጡ ስሞችና ቁጥሮችም ካሉ ሲሙ ከመውጣቱ በፊት ወደ ቀፎው መገልበጥ አለባቸው።

ስለዚህ ሁለተኛ ሲም ማውጣት የመጀመሪያውን መጣል መሆን የለበትም። ለረጅም ጊዜ ያልደወለና ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር በኩባንያው ሊዘጋና ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ያ ቁጥር ከባንክ ሒሳብ ጋር እንደተያያዘ ከቀረ የማረጋገጫ መልእክቱ የሚደርሰው ለማይታወቅ ሰው ነው። አሮጌውን ቁጥር ለመተው የቆረጠ ሰው በቅድሚያ ባንኩ ቀርቦ ቁጥሩን ማስለወጥ፣ በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ ያለውን ገንዘብ ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ ሲሙን ማስቀመጥ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ሳያስተውለው የሚያልፈው የስም ጉዳይ ነው። ሲም የሚሰጠው በመታወቂያ ነውና በገጠር የአባትን ሲም ከተማ የሚማረው ልጅ፣ የአያትን ሲም የልጅ ልጅ በራሳቸው ስም አውጥተው የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ስልኩ በገበያ ቀን ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ ያንኑ ቁጥር መልሶ ማውጣት የሚችለው በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ እርሱ ዐረብ ሀገር ከሄደ ወይም ከሞተ ጣጣው ይረዝማል። ሁለተኛውን ሲም ለማውጣት ወደ ማዕከሉ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ቁጥር በማን ስም እንደተመዘገበ በዚያው አጋጣሚ ቢጠይቅ፣ በራሱ ስም ካልሆነም ባለስሙ በአካል ቀርቦ ሊያዛውርለት በሚችልበት ጊዜ ቢያስለውጠው ይሻላል። በቀፎው ላይ *#06# ሲጻፍ የሚወጣውን ባለ 15 አኀዝ መለያ ቁጥርም ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር በወረቀት ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ባለ ሁለት ሲም ቀፎ ሁለት መለያ ስለሚኖረው የሚጻፉት ሁለቱም ናቸው።